በቆቦ ሙቀት የመናፈሻ ሠራተኞችን ማሠራት

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከዞብል ተራሮች ትይዩ በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ይጥላል፤ የበልጉ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። በችግኝ ተከላ ቀን ከተማው ሁሉ ዶማ ይዞ ይወጣል። ከጥቅምት በኋላ ግን ያ ሁሉ ችግኝ የሚቀረው በጥቂት የቀን ሠራተኞችና በካቧቸው እጅ ነው። ይህ መመሪያ ለዚያ ካቦ ነው።

ሠራተኛ ከማሰማራትዎ በፊት ቦታውን በእግርዎ ይዙሩና ይመዝግቡ። መናፈሻውን፣ የመንገድ አካፋዩን፣ የአስፋልቱን ዳር ሁሉ ለየብቻ ይያዙ። በየቦታው ስንት ዛፍ እንዳለ፣ ዓይነቱ ኒም ይሁን ግራር ወይም የድሬዳዋ ዛፍ፣ ከውሃ መቅጃው ምን ያህል እንደሚርቅ ተራ ደብተር ላይ ይጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ክልል ቆርጠው ይስጡት። ቡድኑ በሙሉ አንድ ላይ ውሃ ሲያጠጣ ሁልጊዜ የሚደርቀው መጨረሻ ላይ ያለው ዛፍ ነው፤ ማን እንደዘለለው ቢጠይቁም መልስ አያገኙም። በክልል የተከፋፈለ ሥራ ግን ተጠያቂው ይታወቃል፤ ሠራተኛውም ዛፉን እንደራሱ ማየት ይጀምራል።

ሰዓቱን በፀሐይዋ ልክ ያውጡ። ለቆላ የሚስማማው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያ ከ9 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ያለው አከፋፈል ነው፤ ድምሩ 8 ሰዓት ይሆናል። ቁፋሮና ካሪዮላ መግፋት ጠዋት ይለቅ። ከ9 እስከ 10 ያለችው ሰዓት ገና ታቃጥላለች፤ ያኔ ዛፍ ጥላ ሥር መሣሪያ ማሳል፣ የዶማ እጀታ ማጥበቅ፣ የችግኝ ጣቢያ ሥራ ይሠራ። ሠራተኞቹ በማኅበር ወይም በኮንትራክተር በኩል የተቀጠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከቀን 8፣ ከሳምንት 48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ እንደማይፈቅድ ያስታውሱ፤ ቀን ላይ የተጨመረች ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ትከፈላለች። የራያ ቡድን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። ዓርብ ለጁምዓ የሚሄደው ሰው የቀረውን ሥራ መቼ እንደሚጨርስ ቀድሞ ይነገረው። በረመዳን ጾመኞቹ ከባዱን ሥራ በማለዳ ይጨርሱ፤ በሁዳዴም የሚጾመው እህል ሳይቀምስ እንደሚውል አይርሱ።

አሁን ወደ ውሃው። ብዙ ችግኝ የሚሞተው ውሃ አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ፈስሶ እየሄደበትም ነው። የደረቀ አፈር ላይ ከጄሪካን በአንዴ የተደፋ ውሃ አቧራውን አርጥቦ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በየችግኙ ዙሪያ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከፍታው ስንዝር የሚሆን የአፈር ክብ ያሠሩ። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ግማሽ ጨረቃ፣ አፉ ወደ ላይ። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ግማሹ በቀስታ ይፍሰስ፣ ሰውየው ወደሚቀጥለው ዛፍ ይለፍ፣ ተመልሶ ቀሪውን ያፍስስ። አዲስ ለተተከለ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ በዚህ መልክ ማጠጣት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይሻላል። አጠጥተናል የሚለውን ቃል ብቻ አይመኑ። በማግስቱ ጠዋት ቀጭን ፌሮ ይዘው ይዙሩና ክቡ ውስጥ ይውጉ። ስንዝር ያህል በቀላሉ ከገባ ጠጥቷል፤ ሁለት ጣት ላይ ከቆመ ላዩን ብቻ ነው የረጠበው።

እርጥበቱን ለመያዝ ግንዱ ሥር የማሽላ አገዳ ማልበስ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ራያ ውስጥ አገዳ መኖ ነው፣ ማገዶም ነው፤ ማታ ያለበሱትን ጠዋት አያገኙትም። የወሰደውንም ሰው መክሰስ አይገባም። ድንጋይ ይደርድሩበት፤ ድንጋይ የሚወስድ የለም። ለፍየልና ለግመል እሾህ አጥር ያስፈልጋል፤ በተለይ በገበያ ቀን ጥበቃው ከመንገዱ ዳር እንዳይርቅ። እኔ ብጠየቅ ለመንገድ ዳር ኒምን አስቀድማለሁ፤ ሙቀቱን ይችላል።

ቆቦ ውስጥ አረም ማለት ከሁሉ በፊት ቅንጭ አረም ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ገባ ተብሎ በሰፊው ይነገራል። አንድ ተክል እስከ 25,000 ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ በቅሎ በወር ገደማም ያብባል። በማጭድ ማጨድ ተመልሶ እንዲያቆጠቁጥ መርዳት ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ አፈሩ ሲላላ፣ ነጭ አበባው ሳይወጣ ከነሥሩ ይነቀል። ያለ ጓንትና ያለ ረጅም እጅጌ ማንም እንዳይነካው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስምም ያስነሳል። ማሳከክ የጀመረውን ሠራተኛ ያኔውኑ ወደ ሌላ ሥራ ያዙሩት፤ ሲደጋገም ይብሳል እንጂ አይለመድም። ያበበ ካጋጠመ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይታሰርና ይቃጠል፤ በክፍት ካሪዮላ መግፋት ዘሩን በከተማው መበተን ነው።

መሣሪያ ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 በእርስዎ ስም ይወጣል፤ ስለዚህ ጠዋት በስም ያስረክቡ፣ ማታ ቆጥረው ይረከቡ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር የተጠላለፈ ቅርንጫፍ በእርስዎ ሰዎች አይቆረጥ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን ያጥፋ። የጎርፍ ቦዮች ሰኔ ሳያልቅ ይጠረጉ፤ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም።

ስለ ቁፋሮ አንድ ነገር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ቆቦን አዳርሷል። ጉድጓድ ሲቆፈር ወይም ቁጥቋጦ ሲመነጠር የማይታወቅ ብረት ከታየ ዶማው እዚያው ይቁም። አይነካ፣ አይነሳ፣ ለልጆች አይታይ። ሰዎቹ በመጡበት መንገድ ይመለሱ፣ ቦታው ከሩቅ ምልክት ይደረግበት፣ ለፖሊስ ይነገር። ይህን ማስጠንቀቂያ በተቀጠሩበት ቀን፣ ከዚያም በየወሩ ይድገሙላቸው።

የስም ዝርዝሩን ጠዋት ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ፊርማ የማይችል በጣቱ ይፈርም። ሽማግሌውን ጋሼ፣ እናትየዋን እትዬ ብለው ጠርተው ስህተታቸውን ለብቻቸው ይንገሯቸው፤ በሰው ፊት የተዘለፈ ሰው በማግስቱ ላይመጣ ይችላል። የክፍያውን ቀን ካወጁ በኋላ አያዛንፉ፤ ፔሮሉ ከዘገየ ምክንያቱን ሠራተኛው ከእርስዎ አፍ ይስማ።

የጸደቀ ችግኝ ቆጠራ በመስከረም ማድረግ የተለመደ ነው፤ በመስከረም ግን ያልተንከባከቡትም አረንጓዴ ነው። ደብተርዎን ይዘው በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እንደገና ይቁጠሩ፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ሪፖርት ሲያደርጉም የግንቦቱን ቁጥር ይጻፉ።