«ዝም ብዬ ነው»

እንደሚታወቀው ተውሳከ ግሥ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ይነግረናል። ይህን ሁላችንም ሸምድደነዋል። እኔን ያሳሳተኝ ግን በቀን አሥር ጊዜ የምንለው «ዝም ብሎ» ነው።

ለመስክ ልምምድ አጋሮ ሄደን አንድ ቡና አምራች አነጋገርኩ። ጀንፈላቸውን ዋጋው ወርዶ እያለ ለምን እንደሸጡ ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው «ዝም ብዬ ነው የሸጥኩት ልጄ» አሉኝ። እኔም ጅማ ተመልሼ «አርሶ አደሩ የተሰጣቸውን ዋጋ በዝምታ ተቀብለው ሸጡ» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሯ እንዴት አምራኝ ነበር! በሳምንቱ ሄጄ ሳነብላቸው ተቆጡ። «ኧረ እኔ መች ዝም አልኩ! ከነጋዴው ጋር ስንጨቃጨቅ ሰው ተሰብስቦብን ነበር እኮ!» ለካስ «ብዙ ሳላሰላ ሸጥኩ» ማለታቸው ነበር። የተከራከሩትን ሰው አንገት ደፊ አድርጌያቸው አረፍኩ።

«ዝም ብሎ» ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ቃል በቃል ሳይናገር ማለት ነው፤ ሌላው ደግሞ እንዲያው፣ ያለ ምክንያት ማለት ነው። «ዝም ብሎ ይጮኻል» ስንል ማንም አይስቅም፤ «በዝምታ ይጮኻል» ብንል ግን ጉድ ነው። ስለዚህ «በዝምታ»ን እና «እንዲያው»ን እየተኩ መፈተን ይጠቅማል። «ዝም ብሎ ያዳምጣል» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። «ዝም ብዬ ሸጥኩ»ም እንደዚሁ። ፈተናው እዚህ ላይ አይፈታውም፣ መጠየቅ ብቻ ነው።

ለንጽጽር ፈረንሳይኛን እንመልከት። «ሴንፕልማን» (በቀላሉ፣ እንዲያው) ማንም ይናገረው ማን አይለወጥም፤ «ማን» የምትለዋ ቅጥያም የመጣችው አእምሮ ከሚል የላቲን ቃል ነው። የእኛው ግን ቦዝ አንቀጽ ስለሆነ ከባለቤቱ ጋር ይረባል፦ ዝም ብዬ፣ ዝም ብለህ፣ ዝም ብላ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ከዚሁ ከጅማ አጠገብ እስከ ሊሙ እናርያ ዘልቆ ነበር፤ በ1881 ፓሪስ ላይ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ታዲያ የትኛውም መዝገበ ቃላት የተናጋሪውን ትከሻ አያሳይም፤ እኔም ማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩትም።

ሌላም ነገር አለ። «ዝም ብዬ ነው» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ምክንያት አለው፣ ማውራት አልፈለገም እንጂ። ሁለተኛ ስጠይቃቸው አምራቹ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ወጪ ነገሩኝ። ዜናው እሱ ነበር። ዓረፍተ ነገሬን ሰርዤ «ተከራክረው ሲያቅታቸው፣ ልጃቸው ትምህርት ልትጀምር ስለነበር ሸጡ» ብዬ አረምኩት።