ጊት፦ የፕሮጀክታችንን ታሪክ ያለ ኢንተርኔት መያዝ

 

በብዙዎቻችን ፍላሽ ውስጥ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «እውነተኛው ፋይናል» የሚሉ ፎልደሮች አይጠፉም። የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ ከሳምንት በኋላ ባለቤቱም ይምታታበታል። በቡድን ስንሠራ ደግሞ የአንዱ ፋይል የሌላውን ይደመስስና የሴሚስተር ልፋት በአንድ ኮፒ ይጠፋል። ጊት የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው።

ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ጊትና ጊትሃብ ግን አንድ አይደሉም። ጊትሃብ ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ ሲሆን፣ ጊት በራሳችን ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ለምናስታውስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የእምቦጭን ስርጭት የሚመዘግብ ፕሮግራም የሚሠሩ ሦስት የፖሊ ተማሪዎችን እናስብ። አንዷ መረጃ ለመሰብሰብ ጎርጎራ ሄዳለች፤ ሁለቱ ባሕር ዳር ናቸው። ሦስቱም የሚያስፈልጓቸው ትእዛዞች ጥቂት ናቸው። እዚህ እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

1. «ጊት ኮንፊግ»፦ ስማችንንና ኢሜይላችንን አንድ ጊዜ እናስመዘግብበታለን።

2. «ጊት ኢኒት»፦ በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆነን አንድ ጊዜ ብቻ እንጽፈዋለን። ከዚያ ወዲህ ጊት የፎልደሩን ታሪክ መያዝ ይችላል።

3. «ጊት ስታተስ»፦ የተለወጡ ፋይሎችን ያሳያል። ግራ ሲገባን ይህን እንጻፍ፤ ምንም አያበላሽም።

4. «ጊት አድ» እና የፋይሉ ስም፦ የሚመዘገበውን ለውጥ እንመርጥበታለን።

5. «ጊት ኮሚት ሰረዝ ኤም»፦ የመረጥነውን ይመዘግባል። ከኋላው በጥቅስ ውስጥ አጭር መልእክት እንጽፋለን። «አስተካከልኩ» አይበቃም፤ «የቀን አጻጻፍ ስህተት ታረመ» ብንል ጓደኛችን ይረዳዋል።

6. «ጊት ሎግ»፦ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ በቅደም ተከተል ያሳያል። መድረሳ የቀራን ሰዎች ሰነድን እናውቃለን፤ እዚህም እያንዳንዱ ኮሚት ከፊቱ ካለው ጋር የተያያዘ ነው።

7. «ጊት ሪስቶር» እና የፋይሉ ስም፦ የተበላሸን ፋይል ወደ ተመዘገበበት ሁኔታ ይመልሳል። ጥንቃቄ፦ ያልተመዘገበው ለውጥ አብሮ ይጠፋል።

ጎርጎራ ያለችው እህታችን ኔትወርክ ባይኖርም በየቀኑ ኮሚት ታደርጋለች። ሥራውን ለማገናኘት አንድ ፍላሽ ይበቃል። መጀመሪያ «ጊት ክሎን ሰረዝ ሰረዝ ቤር» በሚለው ትእዛዝ የጋራ ቅጂ ፍላሹ ላይ እናስቀምጣለን። ከዚያ ሁላችንም ከፍላሹ በ«ጊት ክሎን» ወስደን በዚያ ቅጂ እንሠራለን። ስንገናኝ በ«ጊት ፑል» የሌሎቹን ሥራ እንቀበላለን፤ በ«ጊት ፑሽ» የራሳችንን እንሰጣለን። ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር በተለያየ መንገድ ከለወጡት ጊት ቦታውን ምልክት አድርጎ ይቆማል፤ የሚሻለውን ተመካክረን የምንመርጠው እኛ ነን።

እያንዳንዱ ቅጂ የተቀበለውን ታሪክ በሙሉ ስለሚይዝ ፍላሹ ቢጠፋ ወይም አንድ ላፕቶፕ ቢበላሽ ሥራው ከሌሎቹ ዘንድ ይገኛል። ጊት የሚጠብቀው ግን የመዘገብነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ መብራት ሳይጠፋ፣ ላፕቶፑን ሳንዘጋ ኮሚት ማድረግን እንልመድ። በዚህ ሳምንት በአንድ ትንሽ አሳይመንት እንሞክረው፤ ኢንሻአላህ ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን ይጠቅመናል።