ስለ ላስቲክ ጉዝጓዝ መዘርጊያ መሣሪያ አሠራርና አጠቃቀም የተጻፈ ትምህርት

የአትክልትን መደብ በሣር ወይም በጭድ መጎዝጎዝ በገበሬው ዘንድ የታወቀ ሥራ ነው፤ እርጥበትን ይጠብቃል፥ አረምን ያፍናል፥ ፍሬውም አፈር እንዳይነካ ያደርጋል። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ጭዱ የከብት ቀለብ፥ ሣሩም የቤት ክዳን ስለ ሆነ ለጉዝጓዝ የሚተርፍ አይገኝም። እንዲህ ባለው ስፍራ ቲማቲምና ቃሪያ የሚተክል ገበሬ ላስቲክ ይዘረጋ ዘንድ ቢፈልግ፥ የወረዳው ሹም ሁለት ነገር ሊያስተምረው ይገባል፤ ይኸውም ላስቲኩን በደንብ መዘርጋትንና ከመከር በኋላ ጨርሶ ማንሣትን ነው። የፊተኛውን አስተምሮ የኋለኛውን የተወ እንደ ሆነ፥ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ይበዛል።

፩ኛ፤ ስለ መሣሪያው አሠራር።

መሣሪያው በመንደር በያጅ እጅ የሚሠራ ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲም የሆነ አራት ማዕዘን ክፈፍ ከቱቦላሬ ብረት ይበየዳል፤ ብረት ከታጣ ከደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት በብሎን ይታሠራል። በክፈፉ ፊት የላስቲኩ ጥቅል የሚሽከረከርበት የብረት ዘንግ በአግድም ይጋደማል። ከዘንጉ በስተኋላ ሁለት የእጅ ጋሪ ጎማዎች በግራና በቀኝ ይገጠማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 90 ሳንቲም ይሁን። የጎማዎቹ ሥራ የላስቲኩን ጠርዝ ወደ ፈሩ መጫን ነው። ከጎማዎቹ ኋላ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘወር ያሉ ሁለት የብረት ምላሶች ይበየዳሉ፤ እነርሱም አፈሩን እየገፉ በጠርዙ ላይ ይመልሱታል።

ጥቅሉ እንደ ልቡ የተሽከረከረ እንደ ሆነ ላስቲኩ ይላላል። ስለዚህ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጠፍር በዘንጉ ጫፍ ላይ ተጠምጥሞ በጥቂቱ እንዲይዘው ይደረጋል። ጠፍሩ ሲጠብቅ ላስቲኩ ይወጠራል፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ግን ይቀደዳል። ልኩ የሚታወቀው አሥር እርምጃ ያህል ዘርግቶ በመመርመር ነው። መሣሪያው ቀልሎ ጎማዎቹ ከፈሩ የወጡ እንደ ሆነ፥ በክፈፉ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ይጫንበታል።

፪ኛ፤ መደቡን ስለ ማዘጋጀትና ላስቲኩን ስለ መዘርጋት።

ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ለሆነ ላስቲክ የመደቡ ገጽ 70 ሳንቲም፥ ከፍታውም 10 ሳንቲም ሊሆን ይገባል። በሁለቱም ወገን ጎኑን 10 ሳንቲም ሸፍኖ 15 ሳንቲም የሚቀበር ጠርዝ ይተርፋል። ከአንዱ መደብ መካከል እስከ ሌላው መካከል 1 ሜትር ከ50 ሳንቲም ይለካ።

አፈሩ ጓል የሌለበት፥ ገጹም የተደለደለ ይሁን። ላስቲኩ በጓል ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ እንደ ሆነ፥ ከሥሩ የሚሞቀው አየር በችግኙ ቀዳዳ ወጥቶ ግንዱን ይለበልባል። ደግሞም ዝናም በላስቲክ ውስጥ ስለማያልፍ፥ መደቡ አስቀድሞ ውኃ ጠጥቶ ሊቆይ ይገባል፤ የጠብታ መስኖ ቱቦም ቢኖር ከላስቲኩ በፊት ይዘረጋል። የውኃ መንገዱን ሳያሰናዱ መደብን በላስቲክ መክደን ችግኙን በጥም መግደል ነው።

በመደቡ ግራና ቀኝ ያለው ፈር በዶማ ከወጣ በኋላ፥ የላስቲኩ ጫፍ በመደቡ ራስ ላይ ይቀበራል። ከዚያም አራት ሰዎች፥ ሁለቱ በአንዱ፥ ሁለቱ በሌላው መተላለፊያ ሆነው መሣሪያውን በገመድ ቀስ ብለው ይስቡታል፤ አንድ ሰውም ከኋላ እየተከተለ አፈር ያልደረሰበትን ጠርዝ በአካፋ ይሸፍናል። በሬ መጥመድ የሚሻ ቀንበሩን ሊያስረዝም ይገባዋል፤ በተለመደው ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች እርስ በርሳቸው ስለሚቀራረቡ መደቡን ይረግጡታል።

የመዘርጊያው ጊዜ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፥ ነፋስ ሳይነሣ ነው። ላስቲክ በሙቀት ይለጠጣል፥ በብርድም ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በማለዳ ብርድ የተዘረጋው ቀትር ሲሆን ላልቶ በነፋስ ይመታል። በደጋ ምድሩን ስለሚያሞቅ ጥቁሩ ላስቲክ ይመረጣል፤ በቆላ ግን ጥቁሩ ሥርን ሊያቃጥል ስለሚችል ላዩ ነጭ ወይም ብርማ የሆነው ይሻላል።

፫ኛ፤ ላስቲኩን ስለ ማንሣት።

በአሜሪካ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ኤመሪ ኤመርት የተባሉት መምህር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ዓመት ላስቲክን በመስተዋት ፈንታ ለዕፅዋት ቤት ክዳን አደረጉት፤ ኋላም ለመደብ ጉዝጓዝ መረመሩት። ይኸው የጉዝጓዝ ሥራ በ1978 ዓመት ከጃፓን ወደ ቻይና ገባ። በቻይና ምርትን እጅግ ስለ ጨመረ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ነገር ግን የተዘረጋው ላስቲክ እንደ ወረቀት ስስ ስለ ነበረ በመከር ጊዜ እየተበጣጠሰ በአፈር ውስጥ ቀረ። በሺንጂያንግ የጥጥ እርሻዎች ቍርጥራጩ ከዓመት ዓመት ተከማችቶ የውኃን መንገድና የሥርን መውረጃ የሚከለክል ሆነ። መንግሥቱም በ2018 ዓመት በጸና ደንብ፥ ከ8 ማይክሮን ሊሠራ ተፈቅዶ የነበረውን ላስቲክ ከ10 ማይክሮን እንዳያንስ አዘዘ። ውፍረት ያለው ላስቲክ ሳይቀደድ ይነሣልና።

ስለዚህ ገበሬው 25 ማይክሮን የሆነውን ቢገዛ ይመከራል። ውፍረቱ በዓይን ስለማይለይ በሚዛን ይመረመር፤ ርዝመቱ 400 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም የሆነ ጥቅል 11 ኪሎ ያህል ሊመዝን ይገባል። 7 ኪሎ ብቻ የመዘነ እንደ ሆነ ውፍረቱ ከ16 ማይክሮን አይበልጥም።

የችግኙ ቀዳዳ ቍራጭ እንዳይወድቅ በመስቀል ቅርጽ ይሰንጠቅ። መከሩ ሲያልቅ ግንዱ ታጭዶ የጠርዙ አፈር በዶማ ይላላል፤ ከዚያም ላስቲኩ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በዚያው ዘንግ ላይ እየተጠቀለለ ይነሣል። ማረስ ከማንሣት በፊት ከቶ አይገባም። ማቃጠልም ጢሱ ጤናን ስለሚጎዳ፥ መቅበርም ላስቲክ ስለማይበሰብስ፥ ሁለቱም ክልክል ሊሆኑ ይገባል።

፬ኛ፤ ስለ ሹሙ ጥንቃቄ።

ሩብ ሄክታር መሬት 1,670 ሜትር ያህል መደብ ይወጣዋል፤ ይህም 46 ኪሎ ላስቲክ ይፈልጋል። ሹሙ ለየገበሬው የገባውን በመዝገብ ይጻፍ፤ ከመከር በኋላም የተነሣውን አሳጥቦና አስደርቆ ያስመዝን፤ አፈር የያዘ ላስቲክ ሚዛንን ያታልላልና። የገባው 46፥ የተመለሰው 30 የሆነ እንደ ሆነ፥ የጎደለው 16 ኪሎ በእርሻው ውስጥ ነው። እንዲህ ላለው ገበሬ የቀረው ተለቅሞ ሳይወጣ ለሚመጣው ዘመን ሌላ ላስቲክ ሊሰጠው አይገባም። ላስቲኩ የሚያገለግለው ለአንድ መከር ነው፤ ምድሩ ግን የልጆቹም ርስት ነው።