የመድረክ ፍርሃት፦ ሙዚቃ አድማጩን ያጽናናል፤ ሙዚቀኛውንስ?

ከፒያሳ ተነሥተን በጳውሎስና በዊንጌት በኩል ስናልፍ የምናገኘው አስኮ፣ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። እንደ ሌሎቹ የከተማችን ሰፈሮች ሁሉ በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ድንኳን ይተከልበታል፤ የትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክበባት በወላጆች ቀን ዝግጅታቸውን ያቀርቡበታል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በየበዓሉ በሕዝብ ፊት ይቆሙበታል። እነዚህ ሁሉ መድረኮች ናቸው። ከእያንዳንዱ መድረክ ጀርባ ደግሞ እጁ በላብ የራሰ፣ አፉ የደረቀ፣ ትናንት በቃሉ ይዞት ያደረውን ዜማ ዛሬ የረሳው የሚመስለው ወጣት አይታጣም።

ብዙዎች ይህንን ስሜት የችሎታ ማነስ ወይም የፈሪነት ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ከዚህም የተነሣ ጥሩ ድምፅና ጥሩ እጅ ያላቸው ልጆች መድረክን ይሸሻሉ፤ አንዳንዶቹም ድፍረትን ከመጠጥ ወይም ከጫት ለማግኘት ይሞክራሉ። በዚህ ጽሑፍ የመድረክ ፍርሃት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ሙዚቃ ራሱ በልብና በትንፋሽ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ እንዲሁም ሙዚቀኛው ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ለመመልከት እንሞክራለን። ልናሳየው የምንፈልገው ዋና ነጥብ አንድ ነው፤ የመድረክ ፍርሃት የተፈጥሮ ሂደት እንጂ የባሕርይ ጉድለት አይደለም፤ ስለሆነም በሥልጠና ሊገራ ይችላል።

በሰውነታችን ውስጥ ምን ይከናወናል?

አንጎላችን አደጋ መኖሩን ሲገምት ሲምፓቴቲክ የተባለውን የነርቭ ሥርዓት ያነቃቃል። ከኩላሊቶቻችን በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። በዚህ ጊዜ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ የቆዳ ደም ሥሮች ስለሚጠቡ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ምራቅ ይቀንሳል፤ መዳፍ ያልባል፤ ጡንቻም ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ አባቶቻችን ከአውሬ ጋር ሲጋፈጡ ለመታገል ወይም ለማምለጥ የሚያዘጋጃቸው ሥርዓት ነበር። ችግሩ አንጎላችን አንበሳንና አምስት መቶ ተመልካችን አጣርቶ አለመለየቱ ነው። በብዙ ዓይን ፊት መቆምን፣ ስሕተት ሠርቶ መዋረድን እንደ እውነተኛ አደጋ ይቆጥረዋል።

ለመሮጥ የሚጠቅመው ይህ ዝግጅት ለሙዚቀኛው እንቅፋት ይሆናል። የማሲንቆ ተጫዋቹ ክንድ ሲንቀጠቀጥ ደጋኑ በጭራው ላይ ይንተከተካል፤ የክራር ተጫዋቹ ላብ ያረጠበው ጣት ከክሩ ላይ ይንሸራተታል፤ ዋሽንት ነፊው በደረቀ ከንፈር ድምፁን ማጥራት ያቅተዋል፤ ድምፃዊው ደግሞ ረጅሙን የዜማ ሐረግ ከመጨረሱ በፊት ትንፋሹ ያልቅበታል። እንግዲህ የተበላሸው ችሎታው ሳይሆን ችሎታው የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ መነቃቃት ሁሉ ጎጂ አይደለም። ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አስቸጋሪ የሆነ ተግባር በመጠነኛ ማነቃቂያ የተሻለ እንደሚከናወን፣ ማነቃቂያው ሲበዛ ግን ውጤቱ እንደሚያሽቆለቁል ተመለከቱ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህንን ሐሳብ ለሰውም አዋሉት። ፈጽሞ ያልተነቃቃ ሙዚቀኛ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ከልክ በላይ የተነቃቃው ደግሞ ይደናበራል። ስለዚህ ግቡ ፍርሃትን ማጥፋት ሳይሆን ልኩን ማስያዝ ነው።

ታላላቆቹም አላመለጡም

ስፔናዊው የቼሎ ሊቅ ፓብሎ ካሳልስ ዕድሜ ልኩን ከመድረክ ፍርሃት ጋር ኖሯል። ፒያኒስቱ ቭላድሚር ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1965 ድረስ ለ12 ዓመታት ከሕዝብ መድረክ ርቆ ነበር። ካናዳዊው ግሌን ጉልድ በ1964 የመድረክ ኮንሰርትን ትቶ በስቱዲዮ መቅረጽን መረጠ። እነዚህን ሰዎች ችሎታ ያንሳቸዋል የሚል ማንም የለም።

የሙዚቀኛ የመንፈስ ጭንቀት በመድረክ ላይ በሚያጋጥም ፍርሃት ብቻ የሚወሰን እንዳልሆነ የሚያስረዳን ደግሞ የአገራችን ልጅ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ፣ በስዊዘርላንድ በልጅነታቸው፣ ኋላም በካይሮ የሙዚቃ ትምህርት ተከታትለዋል። በለንደን በሚገኘው ሮያል የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አግኝተው ሳለ ለመሄድ ፈቃድ ተከለከሉ። በዚህ እጅግ አዝነው ለቀናት እህል አልቀምስም በማለታቸው ሆስፒታል እስከ መግባት ደረሱ። ከዚያም ዓለምን ትተው መነኮሱና በግሸን ማርያም አሥር ዓመት ገደማ ኖሩ። በኋላ ግን ወደ ፒያኖ ተመለሱ፤ በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳተሙ፤ ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች መርጃ አዋሉት። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም በሙሉ የሚያውቃቸው የዜማ ደራሲ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው፣ ለሙዚቀኛ ሙዚቃው ሲዘጋበት የሚደርስበት ሐዘን እንደ ቀላል የሚታለፍ አለመሆኑን ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የምሽት ክበቦች ሲዘጉና የሠርግ ድግሶች ሲቆሙ፣ ብዙ ሙዚቀኞች ከእንጀራቸው ጋር የማንነታቸውን መገለጫም አጥተው ነበር።

ዜማ በልብና በትንፋሽ ላይ

ሙዚቃ መንፈስን እንደሚያረጋጋ አገራችን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች። ንጉሥ ሳኦል በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏል፤ የበገና ደርዳሪዎቻችንም ሙያቸውን ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። አሥር አውታር ያለው በገና በዐቢይ ጾምና በጸሎት ጊዜ በብዛት የሚደመጥ ሲሆን፣ አውታሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ ላይ የሚደረጉት ትናንሽ ቆዳዎች ያንን የታወቀ እዝዝ የሚል ወፍራም ድምፅ ይሰጡታል። ታዋቂው በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ ይህንን ጥበብ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል።

ዘመናዊው ሳይንስ ደግሞ ሂደቱን ለመለካት ሞክሯል። ሉቻኖ ቤርናርዲ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሾቹ ሙዚቀኞች የሆኑ 24 ሰዎች ልዩ ልዩ ሙዚቃ እንዲያዳምጡ አደረጉ። ምቱ ፈጣን የሆነ ሙዚቃ ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ጨመረ። የሚያስገርመው ግን በሙዚቃው መካከል የገባው የሁለት ደቂቃ ዝምታ ነው፤ በዚህ ጊዜ የልብ ምትና የደም ግፊት ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ከነበረውም ዝቅ አለ። እኚሁ ተመራማሪ ቀደም ሲል በ2001 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የተወሰነ ምት ያለው ጸሎት በድምፅ ሲደገም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል እንደሚያወርድና የልብን ሥርዓተ ምት እንደሚያስተካክል አሳይተዋል።

ምሥጢሩ በአወጣጡ ላይ ነው። ረጅም ዜማ ስናዜም አየሩን ቀስ ብለን እናወጣለን። ቀስ ያለ አወጣጥ ቫገስ የተባለው ነርቭ በልብ ላይ ያለውን የማርገብ ኃይል ያጠናክራል። ይህ ነርቭ የሲምፓቴቲክ ሥርዓትን ሥራ የሚመጥን ልጓም ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ይገባል። ደስ የሚል ሙዚቃ ማዳመጥና የሙዚቃ ሕክምና አንድ አይደሉም። የሙዚቃ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ፣ ለታወቀ ችግር፣ በታወቀ ዕቅድ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ሙያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ለቆሰሉ ወታደሮች በተሰጠው እርዳታ የተነሣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የኮሌጅ ትምህርትም በ1944 በሚሺጋን ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበ የጥናቶች ግምገማም፣ የሙዚቃ ሕክምና ከተለመደው ሕክምና ጋር ተደርቦ ሲሰጥ በአጭር ጊዜ የድብርት ምልክቶችን እንደሚቀንስ አመልክቷል። «ተደርቦ» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሙዚቃ ሌላውን ሕክምና አይተካም።

አሳሳች መፍትሔዎች

መድረክ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ሁለት የሚሉ ሙዚቀኞች አሉ። አልኮል ፍርሃትን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ነገር ግን የጣትን ቅልጥፍናና የማስታወስን ችሎታ አብሮ ያደነዝዛል። ጫት ደግሞ ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በውስጡ ስላለ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። አስቀድሞ በአድሬናሊን ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጫት መስጠት በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው።

በውጭው ዓለም በብዛት የሚታወቀው መድኃኒት ቤታ ብሎከር ይባላል። ይህ የልብ መድኃኒት አድሬናሊን በልብና በጡንቻ ላይ የሚያሳርፈውን ጫና ይገታል። እ.ኤ.አ. በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ መድኃኒቱ የ24 ባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾችን መንቀጥቀጥ እንደቀነሰ አሳየ። ከአሥር ዓመት በኋላ በአሜሪካ ከ2,200 በላይ የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ሲጠየቁ 27 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ገለጹ፤ ብዙዎቹም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ነበር። ይህ አደገኛ ነው። አስም ያለበት ሰው ቢወስደው የመተንፈሻ ቧንቧው ሊጠብና ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ እጅን ያረጋጋል እንጂ «እዋረዳለሁ» የሚለውን ሐሳብ አይለውጥም።

ከዜማ ቤት የምናገኘው ትምህርት

ደቡብ አፍሪካ የተወለዱት የአእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፍርሃትን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ፣ በየደረጃውም ሰውነትን ማረጋጋት የሚል የሕክምና ስልት አስተዋወቁ። ይህ ስልት ለእኛ አገር አንባቢ ባዕድ መሆን የለበትም። የቤተ ክርስቲያን የዜማ ተማሪ ድጓውን መጀመሪያ ለብቻው ያጠናል፤ ቀጥሎ ከእሱ ከፍ ላለው ተማሪ ያሰማል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይታረማል፤ በመጨረሻም ሌሊቱን ሙሉ በሚቆመው ማኅሌት ከሊቃውንቱ ጋር በሕዝብ ፊት ያዜማል። ማንም ተማሪ ከጎጆው በቀጥታ ወደ ማኅሌት አይወሰድም። በየመካከሉም ስሕተት የሚታረምበት እንጂ የሚያዋርድበት አይደለም፤ ሲያዜምም ብቻውን ሳይሆን ከጓዶቹ ጋር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በመነሣት ለወጣት ሙዚቀኞችና ለክበብ ኃላፊዎች የሚከተሉትን እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ መድረክን በደረጃ መለማመድ ያስፈልጋል። ዜማውን መጀመሪያ ለአንድ ጓደኛ፣ ቀጥሎ ለቤተሰብ፣ ቀጥሎ ለክበቡ አባላት፣ በመጨረሻ ለትምህርት ቤቱ ማቅረብ። አንዱ ደረጃ ሳይለመድ ወደሚቀጥለው አለመቸኮል።

ሁለተኛ፣ ትንፋሽን ማሠልጠን ነው። በአውስትራሊያ በ46 ሙዚቀኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ የ30 ደቂቃ የዝግታ አተነፋፈስ ሥልጠና ብቻ ጭንቀታቸው ከፍ ያለውን ሙዚቀኞች ረድቷል። አምስት ሰከንድ ያህል ማስገባት፣ አምስት ሰከንድ ያህል ማስወጣት በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሰጣል። ይህንን መድረክ ላይ ለመውጣት ሲጠሩን ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ልንለማመደው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ለስሜቱ የምንሰጠው ስም ለውጥ ያመጣል። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ብለው የተናገሩ ሰዎች «ተጨንቄያለሁ» ካሉት የተሻለ ዘፍነዋል። የልባቸው ምት አልቀነሰም፤ የተለወጠው የሰጡት ትርጉም ነው።

አራተኛ፣ አሠልጣኞች በሰው ፊት ከማሳፈር መቆጠብ አለባቸው። አንድ ጊዜ የተዋረደ ልጅ አንጎሉ መድረኩን ከአደጋ ጋር አስተሳስሮ ይይዘዋል።

የባለሙያ እርዳታ መቼ ያስፈልጋል?

ፍርሃቱ ከመድረኩ ጋር አብሮ የሚያልፍ ከሆነ ልምምድ ይበቃዋል። ነገር ግን ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሣ፣ ከትምህርትና ከሰው ካራቀ፣ ያለ መጠጥ ወይም ያለ ጫት መድረክ መውጣት ካስቸገረ፣ ወይም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ጊዜ ሳያልፍ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተወስኖ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ግን አገልግሎቱ እየሰፋ መጥቷል። የአስኮ ነዋሪ ወደ ፒያሳ ሲሄድ በመንገዱ በሚያገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ይሰጣል። እግሩ የተሰበረ ጨፋሪ ወጌሻ ወይም ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ማንም አይስቅበትም፤ መንፈሱ የተጨነቀ ድምፃዊም እንዲሁ ሊታይ ይገባዋል።

በሠርጋችን የሚያስጨፍረን፣ በሐዘናችን የሚያጽናናን፣ በበዓላችን የሚያዜምልን ሰው ከእኛ የተለየ አካል የለውም። ልቡ እንደ ልባችን ይመታል፤ እጁም እንደ እጃችን ይንቀጠቀጣል። ይህንን የሚያውቅ መምህር ተማሪውን «አትፍራ» ብሎ ከመገሠጽ ይልቅ «ሁላችንም እንፈራለን፤ ና፣ ቀስ ብለን እንለማመደው» ይለዋል። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድን ወጣት ሙዚቀኛ ከመድረክ እንዳይሸሽ ሊያደርገው ይችላል።