ውሻን በቁራሽ ማስተማር

ልጆች፣ ውሻ በዱላ የሚማረው መፍራትንና መንከስን ነው። በቁራሽ ግን ቶሎ ይማራል። ከራሽኑ ዱቄት አትንኩ፤ ጓዳ እያጎደሉ ውሻ ማሠልጠን የለም። ከድስት ሥር የቀረውን የገንፎ ፍቅፋቂ በጥቂት ውኃ ለውሳችሁ በምጣድ ላይ በስሱ ጋግሩት። ሲደርቅ ሽምብራ በሚያህል መጠን ቁረጡት። የወጥ ትራፊ አትቀላቅሉበት፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

«ቁጭ!» በሉት። እንደተቀመጠ ወዲያው አንድ ፍሬ ስጡት፤ ከዘገያችሁ ለምን እንደተሰጠው አይገባውም። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ስጡ፤ በጣት ጫፍ ከያዛችሁት ጣትም አብሮ ይነከሳል።

ይህ ለቤታችሁ ውሻ ብቻ ነው። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ወላጆችም በዚያው ቀን ለክትባት ክሊኒክ ውሰዷቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።