የጃፓን ባህላዊ ደጋን መጨበጫን ከቀስተኛው እጅ ጋር ማጣጣም፦ የውፍረትና የጠርዝ ጥያቄ

አንድ የእጅ መሣሪያ ለተጠቃሚው ተስማሚ ነው ሲባል አብዛኛውን ጊዜ መጨበጫው መዳፍን ሞልቶ ጣቶችን ያለ ድካም የሚያሳርፍ መሆኑን ለመግለጽ ነው። የመዶሻም ሆነ የመጋዝ እጀታ የሚመዘነው በዚህ መለኪያ ነው። ይህ ጽሑፍ መለኪያው በጃፓን ባህላዊ ደጋን ማለትም በዩሚ ላይ ሲውል አሳሳች እንደሚሆን ያሳያል፤ የዩሚ መጨበጫ ሲሻሻል በቅድሚያ ሊጠበቅ የሚገባው የመዳፍ ምቾት ሳይሆን የመጨበጫው ጠርዝ መሆኑንም በቀላል የጂኦሜትሪ ስሌት ያስረዳል።

ስለ ቃላት አጠቃቀም አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ቀስት» የሚለው ቃል አንዳንዴ መሣሪያውን፣ አንዳንዴም ተወርዋሪውን ስለሚያመለክት፣ እዚህ መሣሪያው ደጋን፣ ተወርዋሪው ፍላጻ፣ የሚሳበው ገመድ ደግሞ አውታር ተብሏል። ደጋን ጥጥ የሚነደፍበትም መሣሪያ ስም መሆኑ ይታወቃል፤ የአሠራር መርሁ አንድ ስለሆነ ቃሉን መዋሱ አያስቸግርም።

ዩሚ ከቀርከሃና ከእንጨት ንጣፎች ተጣብቆ የሚሠራ፣ መደበኛ ርዝመቱ 221 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደጋን ነው። መጨበጫው መሃሉ ላይ ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ሲለካ ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ይገኛል። ይህ ቅርጽ ጥንታዊ ነው፤ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቻይና የዌይ መንግሥት ዜና መዋዕል የጃፓን ሰዎች የታችኛው ክፍሉ አጭር፣ የላይኛው ረጅም የሆነ የእንጨት ደጋን እንደሚይዙ መዝግቧል። ለጥያቄያችን የበለጠ የሚያስፈልገን ግን ዩሚ ፍላጻ የሚያርፍበት መደገፊያ የሌለው መሆኑ ነው። ፍላጻው የሚያርፈው በግራ እጅ አውራ ጣት ላይ፣ ከደጋኑ በስተቀኝ ነው። በዚህ የተነሣ አውታሩ ሲለቀቅ ደጋኑ ራሱ ለፍላጻው እንቅፋት ይሆናል፤ ፍላጻውም ወደ ቀኝ የመሳት ዝንባሌ ያሳያል። በተለመደው የክዩዶ ርቀት ዒላማው 28 ሜትር ላይ የቆመ፣ ስፋቱ 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ነው። ከማዕከሉ ወደ ጎን 0.37 ዲግሪ ብቻ የተዛነፈ ፍላጻ ከዒላማው ጠርዝ ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ዝንባሌ የሚያርመው የግራ እጅ አያያዝ ነው፤ ጃፓኖች ቴኖኡቺ ይሉታል። የመጨበጫውን አግድም ቅርጽ ማዕዘኖቹ በመጠኑ እንደ ተሞረዱ አራት ማዕዘን አድርገን እናስብ። ወደ ዒላማው የሚመለከተውን ገጽ የውጭ፣ ወደ አውታሩ የሚመለከተውን የውስጥ ገጽ እንበለው። ከጣቶቹ ሥር በታች መዳፉን የሚያቋርጠው መስመር በውጭው ገጽ የግራ ጠርዝ ላይ ይገጠማል። የአውራ ጣት ሥር ደግሞ የውስጡን ገጽ የቀኝ ጠርዝ ወደ ዒላማው ይገፋል፤ ይህ ግፊት ጹኖሚ ይባላል። ሁለቱ ጠርዞች በሰያፍ ትይዩ መሆናቸውን ልብ ይሏል። አንዱ ሲያዝ ሌላው ሲገፋ ደጋኑ፣ ከላይ ለሚመለከተው፣ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ለመዞር ይወጠራል። ፍላጻው ሲለቀቅም በእጅ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ዩጋኤሪ የሚባለው ይህ ዙረት ወደ 270 ዲግሪ ደርሶ አውታሩን ከግራ ክንድ ውጭ ሊያሳርፈው ይችላል። እንግዲህ መጨበጫው ሁለት የሚጋጩ አገልግሎቶች ይጠበቁበታል፤ በሚሳብበት ጊዜ ጠርዙ ቆዳን መያዝ፣ በሚለቀቅበት ጊዜ ደግሞ እጅ እንዲዞር መፍቀድ አለበት። መዳፉን የሚሞላ መጨበጫ ሁለተኛውን ያሳጣል። አያያዙ እንቁላል እንደ መያዝ ነው የሚለው የቆየ ትምህርትም የሚጠብቀው በመዳፍና በደጋን መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ነው።

ቀስተኛው ሊለውጠው የሚችለው ምንድን ነው? የንጣፉን አካል መሞረድ ደጋኑን ስለሚጎዳ ማሻሻያው ከላዩ በሚጠመጠመው የቆዳ ጥብጣብና ከሥሩ በሚደረገው ስስ ልባጥ ይወሰናል። ጥብጣቡ ኒጊሪካዋ የሚባለው ሲሆን ብዙ ጊዜ ከአጋዘን ቆዳ ይዘጋጃል፤ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ፣ ሳይደራረብ ይጠመጠማል። ልባጡ ወረቀት፣ ቡሽ ወይም ስስ ጎማ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ስሌቱ ይረዳል። ማንኛውም ወደ ውስጥ ያልጎደጎደ ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ በእኩል ውፍረት ሲለበጥ ዙሪያው በዚያ ውፍረት 6.28 እጥፍ ይጨምራል፤ ይህ በቅርጹ ዓይነት አይለወጥም። ዙሪያው 90 ሚሊ ሜትር የሆነ መጨበጫ ብናስብ፣ 1 ሚሊ ሜትር ልባጥ ወደ 96.3 ሚሊ ሜትር ያደርሰዋል። ለዓይን ኢምንት የሚመስል ንጣፍ ለጣቶች ትልቅ ልዩነት የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን በጠርዙ ላይ የሚደርሰው ነው። የማዕዘኑ ክብነት ራዲየስ በልባጡ ውፍረት ልክ ያድጋል፤ 2 ሚሊ ሜትር የነበረው በ1.5 ሚሊ ሜትር ቆዳ 3.5፣ በሁለት ድርብ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቆዳ ሲጫኑት ስለሚሳሳ ቁጥሮቹ ከፍተኛውን ወሰን ያሳያሉ፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። መጨበጫውን ዙሪያውን በማወፈር ምቾት የሚፈልግ ቀስተኛ ጹኖሚ የሚያርፍበትን ጠርዝ በገዛ እጁ ያደነዝዛል።

ስለዚህ ውፍረት ካስፈለገ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ መጨመር ይሻላል። የውጭውን ገጽ ብቻ በ2 ሚሊ ሜትር ብናወፍር ዙሪያው በግምት 4 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የውስጡ የቀኝ ጠርዝ ግን እንደነበረ ይቆያል። በእኔ አስተያየት ልባጩ ከውጭው ገጽ የግራ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀርቶት ማብቃት አለበት፤ አለበለዚያ የመዳፉ መስመር የሚገጠምበት ሁለተኛው ጠርዝ በተራው ይደነዝዛል።

የውፍረት ትርፍና ጉድለት በጣቶች ይታወቃል። መጨበጫው ከቀጠነ የጣቶች ጫፍ መዳፉ ውስጥ ይገባል፤ ከወፈረ ደግሞ መሃል ጣትና አውራ ጣት መገናኘት ያቅታቸዋል፣ ትንሿ ጣትም ትላላለች። ትንሽ እጅ ያለው ጀማሪ በዚህ ጊዜ ደጋኑ እንዳያመልጠው በመዳፉ ሙሉ ይጨብጠዋል፤ ዙረቱ ይቆማል፣ ፍላጻው ወደ ቀኝ ይስታል፣ የአውራ ጣቱ ሥርም ይላጣል። ችግሩ የልምምድ ማነስ ተደርጎ ሲወሰድና «እጅህን አስተካክል» ሲባል፣ መፍትሔው ግን ትርፍ ልባጡን ማንሣት ሊሆን ይችላል። የጋራ ደጋን በሚጠቀሙ ክበቦች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለአንዱ የተወፈረው ለሌላው እንቅፋት ነው። ስለዚህ የጋራ ደጋን መጨበጫ ለትንሹ እጅ ተመጥኖ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ትልቅ እጅ ቀጭን መጨበጫን በአያያዝ ሊያካክስ ይችላል፤ ያልደረሰ ጣት ግን በትምህርት አይረዝምም።

የቆዳው የገጽታ ሁኔታም አይዘነጋም። ቀኝ እጅ በጓንቱ ላይ የሙጫ ዱቄት ሲጠቀም ለግራ እጅ ግን ከሩዝ ገለባ አመድ የሚዘጋጅ ፉዴኮ የሚባል ዱቄት ይነሰነሳል፤ ላብን መጥጦ ዙረቱን ያቀልላል። መጨበጫን በሚያጣብቅ ሰው ሠራሽ ጎማ መሸፈን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ቆዳው በተቀየረ ቁጥር ሁለት ልኬቶች እንደገና መታየት አለባቸው። ፍላጻው በእጅ ላይ ስለሚያርፍ የጥብጣቡ የላይ ጠርዝ ከፍ ካለ እጁም ከፍ ይላል፤ ፍላጻው በአውታሩ ላይ የሚሰካበት ነጥብ አብሮ ካልተነሣ ላባው እጅን ይቧጥጣል። በመጨበጫውና በአውታሩ መካከል ያለው፣ በአብዛኛው ወደ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ርቀትም ከቆዳው ላይ ከተለካ በአዲሱ ቆዳ ውፍረት ልክ ያነሰ ሆኖ ይነበባል፤ አውታሩን በከንቱ ላለማሳጠር መለኪያውን ከመጨበጫው በላይ ካለው እርቃን የቀርከሃ ገጽ መጀመር ይገባል።