ዝም ያለ ተጠቃሚ ሁሉ የተመቸው አይደለም

ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚመዝነው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ዓይንና በራሱ እጅ ነው። እርሱ ያነበበውን ሌላውም የሚያነበው፥ እርሱ የከፈተውን ሌላውም የሚከፍተው ይመስለዋል። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የተባለው ለዚህም ሥራ ይስማማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድረ ገጽን ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ ለማድረግ የተጠቃሚዎች አስተያየት እንዴት እንደሚሰበሰብ ባጭሩ ማስረዳት ነው።

«የወጣው ደንብ አይበቃምን?» የሚል አይጠፋም። ደንብስ አለ። ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው የድር ደረጃ አውጪ ድርጅት የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ በ1999 እ.ኤ.አ.፥ ሁለተኛውን በ2008 አወጣ፤ ሁለተኛውም በ2018 እና በ2023 ተጨማሪ ነጥቦች ገብተውለታል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 32 ዓይነ ስውራን 16 ድረ ገጾችን እንዲሞክሩ አድርገው ውጤቱን በ2012 አሳተሙ። ሰዎቹን ያጋጠሟቸው ችግሮች 1,383 ሲሆኑ፥ በ2008ቱ መመሪያ መስፈርቶች የተሸፈኑት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀረው ግማሽ ሊታወቅ የቻለው ሰዎቹ እየሠሩ በመታየታቸው ነው። ስለዚህ ደንብ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

በፊደላችንም ረገድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ሆኖም ዛሬም ቢሆን አንድ የምዝገባ ማስታወቂያ በፎቶግራፍ መልክ ብቻ ቢለጠፍ፥ ለሚያይ ሰው ግልጽ ሲሆን፥ ጽሑፍን ወደ ድምፅ ለሚለውጠው ስክሪን ሪደር ግን ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ማስታወቂያ መውጣቱን ሳያውቅ ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል። ያላወቀውን ነገር ደግሞ ማንም አቤት አይልም።

እንግዲህ አስተያየት ስንሰበስብ የሚከተሉትን እንጠብቅ።

አንደኛ፥ የአስተያየቱ በር ራሱ ክፍት ይሁን። የአስተያየት ቅጹ «በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ፊደል ጻፍ» የሚል ከሆነ፥ የማያየው ሰው ገና ከደጅ ተመልሷል። ስለዚህ ስልክና የገጽ ለገጽ ውይይትም ይኑር።

ሁለተኛ፥ አንድ ሰው ስለ ሁሉ አይናገርም። ዓይነ ስውሩን የሚያግደው ሌላ፥ መስማት የተሳነውን የሚያግደው ሌላ፥ ማውስ መያዝ የማይችለውን የሚያግደው ሌላ ነው። ከየወገኑ፥ የለመደውም ያልለመደውም ይጠየቅ።

ሦስተኛ፥ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ሥራ ይሰጥ። «ድረ ገጹ እንዴት ነው?» የተባለ እንግዳ በይሉኝታ «ደኅና ነው» ይላል። «እስቲ የፈተና ውጤትህን ፈልገህ አውጣ» ብንለውና በራሱ መሣሪያ ሲሠራ ዝም ብለን ብንመለከት ግን የት ላይ እንደሚቆም ይታያል። ቸኩሎ የሚረዳው ሰው ችግሩን ይሸፍነዋል።

አራተኛ፥ ችግሩ በየትኛው ገጽ፥ በየትኛው መሣሪያ፥ ምን ሲጠበቅ ምን እንደ ደረሰ ይመዝገብ። ቅድሚያም ብዙ ሰው ላነሣው ሳይሆን ሰውን ፈጽሞ ለሚያግደው ይሰጥ። አንድ ሰው ብቻ የተናገረው ነገር በሩን ጨርሶ የሚዘጋ ሊሆን ይችላልና።

አምስተኛ፥ የተስተካከለው ነገር ለተናገረው ሰው ይነገረው፤ እርሱም ደግሞ ይሞክረው። መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ይህ ሁሉ የምጽዋት ሥራ እንዳይመስለን። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጹ ኢንተርኔትን ጭምር ተደራሽ ማድረግን ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2010 አጽድቃለች። ነገ ድረ ገጽ የምትሠሩ፥ የምታሠሩ ወይም የምታዝዙ ተማሪዎች ሆይ፥ «እስካሁን ቅሬታ አልቀረበልንም» ከማለታችሁ በፊት፥ ቅሬታውን ለማቅረብ ያልቻለ ማን እንደ ሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ።